የተተረተረችው ጀልባ

ከንቲባዋ ገመዱን ሳበች፤ መጋረጃው መሃል ላይ ተያዘ። ሰው ሳቀ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ወንበር ላይ ወጥተው ሲያላቅቁት ጨርቁ በአንዴ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ ታላቁ ጥልፍም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ታየ። የዓሣ ጨረታ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን የላከው የራሱን ጀልባ ፍለጋ ነው። ከትሬቬል ወደብ የሚወጡት ጀልባዎች በሙሉ እዚያ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነበሩ፤ እያንዳንዷን የጠለፈቻት የባለጀልባው ሚስት፣ እናት ወይም እህት ናት። ሷዚግም እንደ ሰው ዓይኗን ወደ ራሷ ጀልባ ላከች፤ ከመብራት ማማው በስተግራ፣ ከቀይዋ ጀልባ ጎን።

እዚያ ምንም አልነበረም።

እጆቿ ለጭብጨባ እንደተነሱ አየር ላይ ቀሩ። ሰዉን በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ጥልፉ ተጠጋች። የመርፌው ቀዳዳዎች አሉ፤ የጀልባዋን ሆድ፣ ምሰሶዋን፣ የመረብ መጎተቻዋን ነጥብ በነጥብ ስለው ቀርተዋል። ክሩ ግን የለም። የባሏ ጀልባ «ስቴሬደን» ከባሕሩ ላይ ጠፍታለች።

ሷዚግ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከወጣትነቷ ጀምሮ ላንጉስቲን የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር እንስሳ በየመጠኑ እየለየች ሣጥን ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። ቀን እጇ በረዶ ውስጥ ይውላል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደግሞ መርፌ ይይዛል። ጥልፉን የተማረችው ከአክስቷ ነው። ለዘንድሮው የባሕር በዓል ይህን ጨርቅ እንጥለፍ ብላ ሐሳቡን ያመጣችው፣ ሴቶቹን ያሰባሰበችው፣ ማን የት ላይ እንደምትጠልፍ የደለደለችው እሷ ናት። የባሏን የታንጊን ጀልባ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። ስቴሬደን በአገሩ ቋንቋ ኮከብ ማለት ስለሆነ ከምሰሶዋ ጫፍ ላይ፣ ቀርቦ ለማያይ ሰው የማትታይ አንዲት ቢጫ ኮከብ ጠልፋላት ነበር። እሷም ተተርትራለች።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ፣ «የታንጊ ጀልባ የታለች?» ሲሉ ሰማች። ጥያቄው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ መጥቶ ቆመ። ውጭ የነበሩት ሙዚቀኞች ምን እንደሆነ ስላላወቁ የከረጢት ዋሽንታቸውን ትንሽ ነፍተው፣ የሚሰማቸው ሲያጡ እነሱም ተዉት።

ሷዚግ ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አሳለፈች። ጣቷ እንደ ልማዷ ሥራውን ይመረምራል። ጨርቁ አልተቀደደም። በጀልባዋ ዙሪያ ካለው ማዕበል አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። መቀስ አልነካውም። ይህን ያደረገ ሰው አልቸኮለም፤ እያንዳንዷን ስፌት በሹል ነገር ጫፍ እያነሳ፣ እየሳበ፣ አንድ በአንድ ለቅሞ ነው ያወጣት። ክር የሚያውቅ እጅ ነው። በዚህ ወደብ ክር የሚያውቅ፣ በእሷም ላይ ቂም የቋጠረ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማሪቮን ነበረች። ባሏ ጆብ «ሮዝ-ማሪ» ከምትባል ጀልባው ጋር ሰምጦ ቀርቶባታል። ጥልፉ ሲጀመር ማሪቮን ሮዝ-ማሪን መጥለፍ እንደምትፈልግ ለሴቶቹ ነግራቸው ነበር። ሁሉም ሷዚግን አዩ። ሷዚግም ጨርቁ ዛሬ ከወደቡ ለሚወጡ ጀልባዎች ነው፤ የሰመጡትን መጥለፍ ከጀመርን ጨርቅ አይበቃንም ብላ መለሰች። ማሪቮን አልተከራከረችም። ሐሙስ ሐሙስ መምጣቷንም አልተወችም። የሌላውን ሰው ማዕበልና የሌላውን ሰው ወፍ እየጠለፈች ከሁሉም ያማረ ሥራ ሠራች። ከሷዚግ ጋር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

ሷዚግ ዞረች። ማሪቮን በሴቶቹ መካከል፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ የዳንቴል አንገትጌዋን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ማሪቮን» አለች ሷዚግ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «አሁን የልብሽ ደረሰ?»

 ማሪቮን መጀመሪያ ወደ ጎን ተመለከተች፤ ሌላ ማሪቮን የተጠራች መስሏት ነበር። ከዚያ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ በሰው መሃል አልፋ መጥታ ከሷዚግ ጎን ቆመች፤ ጨርቁንም አጎንብሳ አየችው።

«እኔ ብሆን በመቀስ ነበር የምቆርጣት» አለች ቀና ብላ። «ይሄን ያደረገ ሰው ጀልባዋን ይወዳታል።»

«የአዳራሹ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው ያደረው።»

«አዎ፣ እኔ ጋ ነው ያደረው።»

«ታዲያ ማን ነው? ንፋስ ነው? አይጥ ነው? የባልሽ ጀልባ አልተጠለፈችም ብለሽ የኔን ባል ጀልባ…»

«ተያት፣ ሷዚግ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ አጠገብ። «እኔ ነኝ።»

ታንጊ ነበር። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በሩን ተደግፏል። ከወንበሮቹ በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ነገሩ ቀልድ መስሏቸው ነው። ታንጊ በሰርግ ላይ በአማት ስም ተረት የሚፈጥር፣ ለቀልድ የተፈጠረ ሰው ነው። አሁን ግን ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

«ዛሬ ጠዋት ጨረታው ካለቀ በኋላ፣ በሩ ሳይቆለፍ ገብቼ የተረተርኳት እኔ ነኝ። ማሪቮን ምንም አላደረገችም» አለና ወጣ። በሩ ቀስ ብሎ ከኋላው ተዘጋ።

ሷዚግ የሰማችውን ነገር ቃል በቃል ሰምታዋለች፤ ትርጉሙ ግን አልገባ አላት። ሠላሳ ዓመት ከጎኗ የተኛ ሰው፣ ትናንት ማታ እራት ላይ «ነገ ስቴሬደንን እስክናያት ቸኩያለሁ» ስትለው አንገቱን ነቅንቆ ሾርባውን የጠጣ ሰው። ከንቲባዋ ክሬፕ የሚባለው ስስ ቂጣና መጠጡ ውጭ እንደተዘጋጀ፣ ቄሱ ባሕሩን የሚባርኩበትና ጀልባዎቹ በሰልፍ የሚወጡበት ሰዓትም እንዳልተለወጠ ተናገረች። ሰው ከወትሮው በተለየ ጨዋነት፣ እየተንሾካሾከ ተበተነ። ሷዚግ ማሪቮንን ቀና ብላ ማየት አቃታት።  ባሏን ተከትላ ወጣች።

ከበረዶ ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌ መረብ ከሚከመርበት ቦታ አገኘችው። ክምሩ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። ወደቡ በባንዲራ አሸብርቋል፤ ስቴሬደንም ከምሰሶዋ እስከ ጫፏ ባለቀለም ጨርቅ ተንጠልጥሎባት ከግንቡ ጋር ታስራ ትወዛወዛለች። ልጃቸው ሪዋል ጠዋቱን ሙሉ ሲያስጌጣት ስለነበረ አዳራሽ አልገባም።

«አብደሃል?» አለችው።

ታንጊ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አንድ ነገር አወጣና መዳፉን ዘረጋላት። ክር ነው። ሰማያዊው ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው፣ ቢጫው ለብቻው፣ ቀለም በቀለም ተለይቶ በትንንሹ ተጠቅልሏል። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፤ እንዴት አድርጎ እንዲህ አጥብቆ እንደጠቀለለው እንጃ።

«አልጣልኩትም» አለ። «ላያት ብቻ ነበር የገባሁት። ሰው ሳይኖር ላያት። ከኋላዋ በኩል አንዲት ክር ጫፏ ወጥታ ነበር፤ ላስገባት ብዬ በቢላዬ ጫፍ ነካኋት። መጣች። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

«ለምን?»

«ጀልባዋን ለአፍራሾች ሰጥቻታለሁ።»

«የትኛዋን ጀልባ?»

«ስንት ጀልባ አለን፣ ሷዚግ?»

 መንግሥት ጀልባቸውን አፍርሰው ከባሕር ለሚወጡ ሰዎች ካሳ እከፍላለሁ ካለ ወዲህ በጎረቤት ወደቦች ብዙ ጀልባዎች ተሰባብረዋል። ታንጊ ያን ጊዜ ወደቡ ዳር ባለው ቡና ቤት ጠረጴዛ እየደበደበ እነዚያን ሰዎች የእናታቸውን አልጋ የሚሸጡ ብሎ ሲሰድባቸው የሰማ ሁሉ ያስታውሳል። ከአንዱ ጋር፣ ከልጅነት ጓደኛው ጋር፣ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። አሁን ታንጊ ራሱ፣ በመጋቢት መጀመሪያ ለማንም ሳይናገር ሄዶ እንደፈረመ፣ በጥቅምት ስቴሬደንን እየነዳ ወስዶ ማፍረሻው ቦታ እንደሚያስረክባት፣ ብረት የሚያኝክ ማሽን በአንድ ቀን እንደሚጨርሳት ይነግራታል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው እያጨበጨበላት፣ ሚስቱ እየሣቀች፣ ለማፍረሻ የፈረመባትን ጀልባ ቀና ብሎ ማየት እንደማይችል ይነግራታል።

«በአባትህ እጅ የተሠራች ናት» አለች በመጨረሻ። 

«አውቃለሁ።»

«ሪዋልስ? ያችን ጀልባ እየጠበቀ አይደለም እንዴ ትልቁ መርከብ ላይ የሰጡትን ሥራ እምቢ ያለው? ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን? ዕዳ አለብህ? ታመሃል? ንገረኝ እንጂ!»

ታንጊ ክሩን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ባሕሩን እያየ፣ ሰው የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ዓይነት፣ ረጋ ባለ ድምፅ ነገራት። በየካቲት ነው። ንፋስ ነበር፤ ግን የባሰ ንፋስ አይተዋል። መረቡን ወደ ባሕር እየለቀቁ ሳለ የሪዋል እግር በብረቱ ገመድ ቀለበት ውስጥ ገባ። የብረት ገመዱን የሚለቅና የሚጠቀልለው ማሽን፣ ዊንቹ፣ እየዞረ ነው። ገመዱ ልጁን በጀርባው ጥሎ እየጎተተ ወደ ኋላ ጫፍ ወሰደው፤ ግማሽ አካሉ ከጀልባዋ ውጭ ሆነ። ታንጊ ከመሪው ክፍል ዘሎ ደርሶ ዊንቹን አቆመው።

«ቦቲው ሄደ፤ ልጁ ቀረ» አለ። «ከዚህ በላይ ልነግርሽ አልችልም።»

«በየካቲት?» አለች ሷዚግ። «ግንቡ ላይ አዳልጦኝ እግሬን ወለም አለኝ ያለኝ ጊዜ?»

«አዎ።»

ሷዚግ መረቡ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሰሞን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እያደረገችለት ስታሾፍበት ነበር። ጠጥተህ ነው እንጂ ሰው በደረቅ መሬት አይወድቅም፤ እንዲህ በደረቅ የምትወድቅ ከሆነ ባሕር ላይማ ምን ልትሆን ነው እያለች ስታስቀው ነበር። እሱም ሳቀ። አባቱም እዚያው ጋዜጣውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም፣ እዚያው እፊቷ፣ ያን ነገር በሆዳቸው ይዘው ሳቁላት።

«እንዳትነግራት አለኝ» አለ ታንጊ። «ሰው ካወቀ አንተ ከመሪው ክፍል ትወርዳለህ፣ እኔም እናቴ ባሕር አታስወጣኝም ብሎ አስማለኝ። ማልኩ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዊንቹን ባስነሳሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማኛል። የገመዱ አይደለም፤ የሱ። ልጅ እያለ ሌሊት ሲባንን እንደሚጠራኝ አድርጎ ነው የጠራኝ።»

«እሺ፣ ሽጣት። ለምን ታፈርሳታለህ?»

«ማን ይገዛታል? እሱ ነዋ። ተበድሮ ይገዛታል። ለሌላ ብሸጣት ከገዛት ሰውዬ ጋር ይቀጠራል። ታውቂው የለ? እሷ ተንሳፍፋ እስካለች ድረስ ከሷ ላይ አይወርድም።»

የበዓሉ ሙዚቃ ከአዳራሹ ማዶ እንደገና ጀመረ። ሪዋል በግንቡ ላይ በፈጣን እርምጃ ሲመጣ ያዩት ያኔ ነው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፀሐይ ያቀላው ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ የተረፈ የባንዲራ ገመድ አንጠልጥሏል። ገና ከሩቁ እየሳቀ ነው የመጣው።

«አባዬ ጥልፍ ጀመረ የሚሉት እውነት ነው?» አለ። «ከተማው ሁሉ ስለ አንተ ነው…»

የእናቱን ፊት ሲያይ ቆመ።

«እግርህን አሳየኝ» አለችው ሷዚግ።

ሪዋል አባቱን ተመለከተ። «ነገርካት?»

«ነገርኳት» አለ ታንጊ። ከዚያ ሌላውንም፣ ስለ ማፍረሱ፣ ስለ ጥቅምት፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ሪዋል እስከ መጨረሻው ሰማው። የፊቱ ቅላት ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ ይታይ ነበር። የባንዲራውን ገመድ ከአንገቱ ላይ አወጣና እንዳይቋጠር በጥንቃቄ መጠቅለል ያዘ።

«ከማን ጋር ተማክረህ ነው?» አለ።

«ከማንም።»

«እግሩ የኔ ነው። ወደ ባሕር የገባውም የኔ ቦቲ ነው። የአንተ ሁለት ጣት ዊንች ውስጥ ሲቀር አያቴ ጀልባውን አፈረሰብህ? ቁስልህ ሳይደርቅ ተመልሰህ አልወጣህም እንዴ? በዚህ ወደብ ለሰው ሁሉ ስታወራው የኖርከው ታሪክ አይደለም?»

«ያኔ እናቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም» አለ ታንጊ።

«እሺ፣ አሁን እናቴን እንጠይቃት።» ሪዋል ዞረ። «እማ፣ ውሉ ይሰረዝ?»

ታንጊ ነገሩን አልደበቀም። ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ሰዎች እስከ ሰኞ ድረስ ደውለው መናገር እንደሚችሉ፣ ከሰኞ በኋላ ግን መመለሻ እንደሌለ ነገራቸው።

«ሰኞ ይደውል» አለ ሪዋል። «አንቺ ካልሽው ይደውላል። እኔን አይሰማኝም፤ አንቺን ይሰማሻል። ከአሁን በኋላ የመንሳፈፊያ ሰደርያዬን አላወልቅም፣ ገመዱንም ሌላ ሰው ይልቀቀው፤ የፈለግሽውን አድርጌ እሠራለሁ። ግን እሷ ከፈረሰች እኔ ምንድነኝ? እስቲ ንገሪኝ፤ ምንድነኝ?»

ሁለቱም ወደ እሷ ተመለከቱ። ሷዚግ ከመረቡ ላይ ተነሳች፤ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የደረቀ ቅርፊት አራገፈች። የልጇን ፊት ስታይ ደውልለት ልትል ዳዳት። የየካቲቱን ነገር ስታስብ ደግሞ ሁለቱንም በጥፊ ማጮል አማራት። «ቆዩ» አለቻቸውና ሄደች።

ማሪቮን ክሬፕ ከሚጋገርበት ድንኳን ውስጥ ነበረች። የዳንቴል አንገትጌዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክብ ምጣዷ ላይ ሊጡን እየዘረጋች ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሷዚግ ስትመጣ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ» አለች ሷዚግ፤ «ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ስለ ዛሬውም፣ ስለ ሮዝ-ማሪም።»

«ቆዪ፣ ይሄ ያርርብኛል» አለች ማሪቮን። ክሬፑን ገለበጠችው፤ ቅቤ ቀባችው፤ አጠፈችው፤ በወረቀት ይዛም ለሷዚግ ዘረጋችላት። «ብይ። ወረቀት መስለሻል።»

ሷዚግ ተቀበለችው፤ ግን አልበላችም። ሴቶቹ አጋጣሚ አስመስለው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። ሷዚግም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ማሪቮን ሳታቋርጣት አዳመጠች፤ እጇ ብቻ አንዴ ምጣዱ ላይ ዘገየ።

«ምን ላድርግ?» አለች ሷዚግ።

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ባል የቀበርኩበት መቃብር እንኳ የለኝም፤ ምክሬ ሁሉ አንድ ወገን ነው።» ማሪቮን ሌላ ሊጥ ጨለፈች። «ሰዉ ስለ ጆብ ሲጠይቀኝ የሚጠይቀኝ ስለ ማዕበሉ ነው። ሮዝ-ማሪ የሰመጠችበትን ቦታ በካርታ ላይ አሳይተውኛል፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ። ጆብ ግን ያን ሰዓት ጀልባዋ ላይ የት ጋ እንደነበረ፣ ምን ይዞ እንደነበረ፣ የሚነግረኝ ሰው የለም። አንቺ ጋ የሚነግርሽ ሰው አለ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ሰልፉ ሊጀመር ነው።

ሷዚግ ወደ ግንቡ ስትደርስ ጀልባዎቹ ሞተራቸውን አስነስተው በጭስና በሙዚቃ ተከበው ነበር። በየጀልባው ላይ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሕፃን በሰደርያ ታቅፎ ተሳፍሯል። ስቴሬደን ላይ ግን ሪዋል ብቻውን ነው። በየዓመቱ ቦታ እየተሻሙ የሚሳፈሩባት ሰዎች ዛሬ እግራቸው አልመጣም፤ በየሌላው ጀልባ ሆነው ወደዚህ ላለማየት ይጥራሉ። ታንጊ ግንቡ ላይ ቆሟል። ሪዋል እንዲወጣ አልጠራውም፤ እሱም አልሞከረም።

«ውጣ ጀልባዋ ላይ» አለችው ሷዚግ ባሏን።

«ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።»

«ይየን። ውጣ።»

ወጣ። እሷም ተከተለችው፤ የጀልባ ሰው እንደመሆኗ የማንንም እጅ አልያዘችም። ወደ መሪው ክፍል ሄዳ በሩን ከፈተችና ሪዋልን መሪውን ለአባቱ ሰጥቶ እንዲወጣ ነገረችው። ሁለቱ ሳይተያዩ ተቀያየሩ። ስቴሬደን ከግንቡ ተላቅቃ ከሰልፉ ኋላ ገባች።

«የቱ ጋ ነው?» አለችው ሷዚግ ልጇን።

«ምኑ?»

«የቱ ጋ ነው የቆምከው? አሳየኝ።»

«እማ፣ ዛሬ በዓል ነው።»

«አሳየኝ።»

 ሪዋል ወደ ዊንቹ ሄዶ ከጎኑ ቆመ። እዚህ ነበርኩ አለ። ገመዱ በዚህ በኩል ያልፋል፤ ቀለበቱ እዚህ ተኝቶ ነበር፤ አላየሁትም። በእጁ እየጠቆመ የተጎተተበትን መንገድ በዝግታ አሳያት። ሷዚግ በዚያው መንገድ ተራመደች። ወለሉ ላይ፣ ሪዋል ወገቡ ላይ የታጠቀው የቢላ ማንገቻ ብረት ቀለሙን ፍቆ ያለፈበት ጭረት አለ። ሠዓሊ በብሩሽ እንደጎተተው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ያበቃል። ይህን ጭረት ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተራምዳበት እንደሆነ አታውቅም።

«እዚህ ስትደርስ ምን ያዝክ?»

«ይሄን።» ጠርዙ ላይ የተበየደ ቀጭን ብረት ነው። ሷዚግ ጨበጠችው። ከመጥረጊያ እንጨት አይወፍርም። ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየች። ከሥር የሞተሩ አረፋ ነጭ ሆኖ ይገለባበጣል፤ በዚህ ፀጥ ባለ የሐምሌ ከሰዓት እንኳ ዓይን ያዞራል።

«ምን አሰብክ?» አለችው።

ሪዋል ሊስቅ ሞከረ። «ቦቲዬ አዲስ ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሷዚግ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ልብሱ በላብ ርሷል። ከዚያም መሪውን ተቀብሎ አባቱን እንዲልክላት ነገረችው፤ ሄደ።

ጀልባዎቹ ከወደቡ አፍ ውጭ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሞተር ሁሉ ጸጥ አለ። የቄሱ ድምፅ በድምፅ ማጉያው እየተቆራረጠ መጣ፤ የአበባ ጉንጉኑም ውሃው ላይ ተጣለ። የጠፉት ሰዎች ስም ሲነበብ ታንጊ ኮፍያውን አውልቆ ከሚስቱ ጎን ቆመ። የጆብ ስም ተጠራ፤ ሌሎችም ተጠሩ። ሷዚግ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ አዳመጠች። ዝርዝሩ ሲያበቃ፣ ከመጨረሻው ስም በኋላ በነበረችው አጭር ዝምታ ውስጥ፣ ቀጣይ ስም እንዳይጠራ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ ራሷን አገኘችው።

ጀልባዎቹ ጥሩምባቸውን በአንድነት ነፉ። ጩኸቱ ሲበርድ ሷዚግ ወደ ባሏ ጠጋ አለች።

«ሰኞ እንዳትደውል» አለችው።

ታንጊ ዓይኗን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል እጇን አነሳች።

«እንዲህ ስል ጠልቼሃለሁ፤ እወቀው። የካቲትን እስክረሳ ድረስ እጠላሃለሁ። ግን እንዳትደውል።»

«ለሪዋል እኔ እነግረዋለሁ» አለ ታንጊ። «ጥላቻውን ለኔ ይተወው፤ አንቺ አትግቢበት።»

ሷዚግ በመሪው ክፍል መስኮት ልጇን አየችው። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፤ ዓይኑ ከፊቱ ባለው ባሕር ላይ ነው። አያቱ በሠራት ጀልባ ላይ እንደ አያቱ ቆሟል፤ ያምርበታል። ይህን ለማየት ስንት ዓመት ጠብቃለች።

«አይሆንም» አለች። «አሁን ውሳኔው የኔም ነው፤ እኔ ነኝ የምነግረው።»

የመሪውን ክፍል በር ከፍታ ገባች፤ ከኋላዋም ዘጋችው።